ለአንድ ሰው የማይጣድ ሩዝ

በጉለሌ፥ ከቤታችን አጥር ማዶ፥ አንዲት የተከበሩ ባልቴት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ፥ ልጆቻቸውም ሥራ ወዳገኙበት አገር ከሄዱ ወዲህ፥ ምሳ መሥራትን ቀስ በቀስ እየተዉ መጡ። ጧት ቡና ከቆሎ ጋር፥ ማታ ደግሞ የተረፈች እንጀራ በአዋዜ ቀምሰው ቀኑ ያልፋል። ነገሩ አሳስቦን ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ለአንድ አፍ ተብሎ ድስት ይጣዳል? ቢጣድስ ለብቻ የሚበላ ምግብ በጉሮሮ ይወርዳል?» ብለው መለሱልን። ስለ ቤተ ሰብና ስለ ማዕድ የምንጽፍ ስንሆን፥ በዚያን ሰዓት የምንመልሰው ቃል አጣን።

ይህንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ የሰማነው ግን በአማርኛ አልነበረም፤ ከጉለሌ እጅግ በራቀች በስፔን አገር፥ በቫሌንሲያ ከተማ፥ ከአንድ ምግብ ቤት አሳላፊ አፍ ነበር።

ወደዚያች ከተማ የሄድነው በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር የማራቶኑን ሩጫ ለማየት ነው። የቫሌንሲያ ስም ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚሮጡትን ወጣቶች ዘወትር የሚያይ ሰው፥ ብዙዎቹ ከሚመኟቸው አደባባዮች አንዱ ያ መሆኑን አያጣውም። ለተሰንበት ግደይ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የግማሽ ማራቶንን ሩጫ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ፈጽማ፥ በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ያስመዘገበችው እዚያ ነው። እኛ በተገኘንበት በኅዳር 23 ቀን ደግሞ ከወንዶች ሲሳይ ለማ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፥ ከሴቶች ወርቅነሽ ደገፋ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ አሸነፉ። የደስታችንን ብዛት ከመዘርዘር እንቆጠባለን፤ ይህ ገጽ የስፖርት ገጽ አይደለምና። ከደስታው በኋላ ግን ረኀብ መጣ።

ቫሌንሲያ የሩዝ አገር ናት። ከከተማዋ በስተ ደቡብ አልቡፌራ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በዙሪያውም የሩዝ እርሻ ተዘርግቷል። ሩዝን ወደ ስፔን ያስገቡት በመካከለኛው ዘመን አገሩን የያዙት እስላሞች ሲሆኑ፥ ስፔኖች «አሮስ» የሚሉት ቃልና እኛ «ሩዝ» የምንለው ሁለቱም ከዐረብኛው ግንድ የወጡ ናቸው። እንግዲህ ቃሉ ዘመዳችን ነው፤ ምግቡ ግን ዘመድነቱን ለማሳየት ጥቂት አስቸገረን።

ከሁሉ ዝነኛው «ፓኤያ» የሚባለው ነው። ፓኤያ ማለት መጀመሪያ የምግቡ ስም ሳይሆን የመጥበሻው ስም ነው፤ እርሱም ሰፊ፥ ጠፍጣፋ፥ ጠርዙ አጭር፥ በሁለት በኩል ጆሮ ያለው ብረት ነው። የቫሌንሲያ ባላገር ዶሮና ጥንቸል፥ ፎሶሊያና ነጭ ሰፊ ባቄላ የመሰለ እህል፥ ቲማቲም፥ ሳፍሮን የሚባለውን ቢጫ ቅመም፥ አንዳንዴም ቀንድ አውጣ ጨምሮ በብርቱካን እንጨት እሳት ያበስለዋል። በባሕሩ ዳር ደግሞ በዓሣ መረቅ የሚበስል አለ፤ ጥቁር ቀለም በሚረጭ የባሕር እንስሳ የሚጠቁር ሩዝም አለ፤ በሸክላ ሳሕን ከሽምብራና ከአሳማ ሥጋ ጋር በምድጃ ውስጥ የሚጋገርም አለ። አንባቢ እንደሚረዳው፥ በገና ጾም ለሄደ ኢትዮጵያዊ፥ ያውም ጥንቸል መብላት በልማዱ ለሌለ ሰው፥ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚመረጠው ብዙ አይደለም። ቢሆንም በአትክልት ብቻ የሚሠራ ሩዝ በዝርዝሩ ላይ አግኝተን በጣታችን አመለከትን።

አሳላፊው ራሱን ነቀነቀና ሁለት ጣቱን አሳየን። ከዝርዝሩ በታች በትንሽ ፊደል ሩዝ ከሁለት ሰው ላነሰ እንደማይሠራ ተጽፏል። በዚህ አምድ «እኛ» እያልን ስለምንጽፍ ብዙዎች እንመስላለን፤ በዚያ ገበታ ፊት ግን ቆጥረን ቆጥረን አንድ ብቻ ሆነን ተገኘን። የሁለት ሰው ዋጋ ከፍለን ለብቻችን እንብላ ብንል የኪሳችን ነገር አልፈቀደልንም። ሰላጣ ይዘን እንድንቀመጥ ተፈረደብን።

እውነቱን ለመናገር፥ በዚያን ጊዜ ተቀይመን ነበር። ኋላ ግን ምክንያቱን ስንመረምር ሥርዐቱ ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ ተረዳን። ይህ ሩዝ ቀድሞ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ እንግዳው ካዘዘ በኋላ ይጣዳል፤ ሩዙ ከገባ ጀምሮም ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይበስላል። በመጥበሻው ላይ የሚነጠፈው ከጣት ውፍረት ባነሰ ልክ ነው፤ ጣዕሙም የሚገኘው ከዚህ ስስነቱ ነው። ለአንድ ሰው ቢጣድ መጥበሻው ይጠብባል፥ ውሃው ቶሎ ይነናል፥ ሩዙም ልቡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ድካሙና እሳቱ ግን ለአራት ሰው ከሚደረገው አያንስም። ጎረቤታችን «ለአንድ አፍ ተብሎ ድስት ይጣዳል?» ያሉት ነገር እንግዲህ የባልቴት ትካዜ ብቻ አልነበረም፤ የማድ ቤት ዕውቀትም ነበረበት።

ሰላጣችንን ሳንጨርስ፥ በቀጥታ ከፊታችን ባለው ገበታ ለብቻቸው የተቀመጡ አንድ የአገሩ ሽማግሌ አሳላፊውን ጠርተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ በጣታቸውም ራሳቸውን፥ ቀጥሎም እኛን አመለከቱ። ከዚያም ወንበራቸውን ስበው ወደኛ ገበታ መጡ። እርሳቸው አማርኛ፥ እኛም የእርሳቸውን ቋንቋ ስለማናውቅ፥ የተነጋገርነው በጣት ቁጥር ነበር፤ ሁለት ሆነናል፤ ይጣድ።

የአትክልቱ ሩዝ ከነመጥበሻው መጥቶ በመካከላችን ተቀመጠ። እኛ ሳሕን ስንጠብቅ ሽማግሌው የእንጨት ማንኪያ ሰጡንና ከመጥበሻው ጠርዝ ጀምረው በፊታቸው ያለውን ወደ መካከል እያጠበቡ ይበሉ ጀመር። የጥንቱ ወግ እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ በፊቱ ካለው ቁራሽ ሳያልፍ፥ የጎረቤቱን ወሰን ሳይነካ ይበላል። ከመሶባችን ዙሪያ እናቶቻችን ስንት ጊዜ እጃችንን መትተው ያስተማሩን ሕግ በዚያ መገኘቱ እጅግ አስደነቀን። መጨረሻ ላይ ከመጥበሻው በታች የተጣበቀውን ቡናማ ቅርፊት፥ «ሶካራት» የሚሉትን፥ በማንኪያ ፈቅፍቀው ከወሰናቸው አሻግረው በኛ በኩል አኖሩልን። ቅርፊቱን በዚያ አገር ከሩዙ ሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ጉርሻ ነበር ብንል የሚከሰን ያለ አይመስለንም።

እንዲህ ያለ ሽማግሌ ለማያጋጥመው ብቸኛ መንገደኛ ያገኘነውን ልምድ እናካፍል። ሩዝ በዚያ አገር የቀን ምግብ ነው፤ ሰዉ ምሳ የሚበላው በኛ አቆጣጠር ከ8 እስከ 9 ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለራት ሩዝ የሚፈልግ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራውን ያገኛል። በሥራ ቀን ለሠራተኛ ተብሎ በቁርጥ ዋጋ የሚቀርብ ምሳ አለ፤ በብዙ ስፍራ ኀሙስ ቀን በትልቅ መጥበሻ ሩዝ ይሠራና በሳሕን ይከፋፈላል፤ በዚያን ቀን አንድ ሰውም እንደ ሰው ይቆጠራል። የሚጾም ደግሞ አትክልት መሆኑን ብቻ ሳይሆን መረቁ ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በላዩ አትክልት የሚታይበት ሩዝ ከሥሩ የዶሮ መረቅ ጠጥቶ ሊሆን ይችላልና።

በመርከብና በአውሮፕላን መሄድ የማይሻ ሰውም የሩዝ አገር በቅርብ አለው። ከጉለሌ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወጣው የጎጃም መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ባሕር ዳር ያደርሳል፤ ከባሕር ዳርም ወደ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የፎገራ ሜዳና የወረታ ከተማ ይገኛሉ። ይህ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ስለ ነበር፥ ከእህል ይልቅ በከብቱ የታወቀ ነበር። በሜዳው ራሱን ችሎ የሚበቅል የዱር ሩዝ ነበረበት። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች የተዘራውን ሩዝ በሜዳው ሞከሩት፤ ገበሬው ጥቂት ዓመት ከተጠራጠረ በኋላ፥ ውሃ የተኛበት መሬት እንጀራ ሊሰጥ መቻሉን አየና ተቀበለው። ከዝርያዎቹ አንዱ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ በዚያው አካባቢ በሚገኝ በአንድ ቀበሌ ስም ሲጠራ ይኖራል። ዛሬ በወረታ አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማእከል አለ።

የፎገራ እመቤቶች ሩዙን እንደ ስፔኖች በመጥበሻ አላነጠፉትም፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው አቡክተው ጋገሩት፥ ጠላም ጠመቁበት። የሩዝ እንጀራ ነጭና ለዐይን የሚያምር ነው፤ ብቻውን ከሆነ ግን በማግስቱ ይደርቃል፥ ሲጠቀልሉትም ይሰነጠቃል። ጤፍ የሚገባው ለዚህ ነው። ጤፍ በተወደደበት በዚህ ዘመን በአዲስ አበባም ብዙ ቤት ይህንኑ ድብልቅ ይጋግራል፤ አንዳንዱ በግልጽ፥ አንዳንዱም ለእንግዳ ሳይናገር።

በ2008 ዓ.ም. ወደ ወረታ ብቻችንን በሄድን ጊዜ፥ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጠን ይህን እንጀራ ከሽሮ ጋር አዘዝን። ትሪው ሳይመጣልን፥ ከወዲያ ማዶ ይበሉ የነበሩ ሦስት ገበሬዎች «ይቅረቡ እንጂ፥ እንብላ» አሉን። እንደ ወጉ «ይባረክ» ብለን በቦታችን ብንቀር፥ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ተነሥተው መቀመጫችንን ራሳቸው አንሥተው ወሰዱት። ከዚህ በኋላ ቆሞ መቅረት ስለማይቻል ተከተልነው። የኛም ትሪ ሲደርስ ከእነርሱ ትሪ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማን የማንን እንደ በላ አልታወቀም፤ ሒሳቡን ለመክፈል የተነሣውም ክርክር ከምሳው ይልቅ ረዘመ።

ከቫሌንሲያ ከተመለስን በኋላ ከአዲሱ ገበያ የፎገራ ሩዝ ገዝተን፥ ጎረቤታችንን «ለሁለት ሰው ካልሆነ የማይበስል ምግብ አለና ይርዱን» ብለን ጠራናቸው። ለመብላት ቢሆን ባልመጡ ነበር፤ ለመርዳት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወዲያው መጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎሶሊያውን በዘይት ጥቂት ማቁላላት፤ የተፈገፈገ ቲማቲም፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ቁንጥር በርበሬና፥ በውዱ ሳፍሮን ፈንታ፥ እርድ መጨመር፤ ከዚያ ውሃ አድርጎ ሩብ ሰዓት ማፍላትና ጨው መቅመስ። ለሁለት ሰው አንድ ብርጭቆ ሩዝ ይበቃል። ውሃው በቫሌንሲያ ከሚደረገው መብለጥ አለበት፤ እኛ ሦስት ብርጭቆ አድርገናል። ምክንያቱም ቫሌንሲያ በባሕር ጠረፍ ስትሆን ጉለሌ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ውሃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፥ በ92 ግድም ይፈላል፤ ሩዙም በሃያው ደቂቃ ፈንታ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሩዙ ከተበተነ በኋላ ማማሰል ክልክል ነው። አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል በላዩ ይጣላል፤ ይህን የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፥ እነርሱም ይጥሉበታል። ውሃው ሲያልቅ እሳቱን ጥቂት ማበርታትና፥ ከሥሩ የመንጣጣት ድምፅ ሲሰማ ማውረድ ነው።

ማማሰሉን መከልከል ለጎረቤታችን ከባድ ፈተና ሆነባቸው፤ ሁለት ጊዜ ማማሰያውን ከእጃቸው ወሰድን። ድምፁ ሲሰማማ፥ «አረረ! እኔን የጠራችሁ ድስት ስታሳርሩ እንድመሰክር ነው?» ብለው ተቆጡ። የሶካራትን ክብር በሰፊው አስረዳናቸው፤ ያረረ ምንም ስም ቢያወጡለት ያረረ ነው አሉና ቅርፊቱን ሁሉ ለእኛ ተዉልን። ሩዙን ግን እስከ ወሰናቸው ጠርገው በሉ፤ ወሰናቸውንም ጥቂት ሳያልፉ አልቀሩም።

በሳምንቱ ኀሙስ በአጥሩ ላይ ጠሩን። ከዕድራቸው ሁለት ሴቶች፥ እንደ እርሳቸው ለብቻቸው የሚኖሩ፥ ነገሩን ሰምተዋልና መጥበሻው ለአራት ይበቃ እንደ ሆነ ጠየቁን። አይበቃም። ከመርካቶ ሰፋ ያለ ልንፈልግ ነው፤ ቢቻል ጆሮው በሁለት በኩል የሆነ።