ልጅዎን ከከተማ አዳሪ ቤት ወይስ ከገጠር?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ የአዳሪ ትምህርት ቤት ነገር ቡና ላይ ሳይቀር ይወራል። ጥሩ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል አዳሪዎቹ በመገኘታቸው ነው። መቼም ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን በመግቢያ ፈተና አበጥረው እንደሚቀበሉ መዘንጋት የለበትም። ጎበዝ ልጅ ገብቶ ጎበዝ ልጅ ቢወጣ ምን ያስደንቃል?

በቀድሞው ጊዜ የአዳሪ ቤቱ ሥፍራ የሚወሰነው በሥራው ዓይነት ነበር። እቴጌ መነንና ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ተማሪዎችን ያስተማሩት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የአምቦና የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ግን ማሳ ስለሚያስፈልጋቸው ከዋናው ከተማ ርቀው ተቋቋሙ። የዛሬ ወላጅ ገጠርን የሚመርጠው ለማሳው ብሎ አይደለም፤ ከተማውን ፈርቶ ነው። «እዚያ ምን የሚያባልግ ነገር አለ?» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በትንሿ ከተማም ጠላ ቤት አለ፤ ጫት ቤትም አለ፤ የገበያ ቀንም አለ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ስለ አየሩ ንጽሕና ከመጠየቅ ይልቅ፣ ትምህርት ካበቃበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚውሉ መጠየቅ ይበልጣል።

አንዲት ጎረቤቴ በፈረቃ የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ማታ ተረኛ ስትሆን የ14 ዓመት ልጇ ብቻዋን ታድር ነበርና፣ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ከሚያስኬድ ሥፍራ አዳሪ አስገባቻት። ልጅቱ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ያየችው እዚያ ነው። ማታ ማታ በሴቶቹ መኝታ ቤት የምታድር ሴት ተቆጣጣሪ አልነበረችም፤ መታጠቢያ ቤቱም ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነበር። ልጅቱ ጨርቅ ቀድዳ፣ ለማንም ሳትናገር ሦስት ወር ቆየች። እናትየዋ የሰማችው ልጇ ለዕረፍት ስትመጣ ነው። «እኔ ማትሪኩን ሳስብ ይኽን አላሰብኩም» ብላ ያለቀሰችው እኔ ቤት ተቀምጣ ነበር።

የጤናም ነገር አለ። በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ ወባ ያሠጋዋል፤ ከደጋ ያደገ ልጅ ወደ ቆላ ሲወርድ አጎበር መኖሩን፣ ሌሊት ቢያተኩሰው ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መኪና መኖሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። አስም ላለባት ልጅ ደግሞ ከከተማው ጢስ መራቁ ይጠቅማት ይሆናል፤ ሐኪም ማጣቱ ግን የባሰ ነው። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ወላጅ ስልክ ይዞ መቅረቱንም ባለፉት ዓመታት አይተናል።

የከተማውም ቢሆን እንከን አያጣም። ለመኖሪያ በተሠራ ፎቅ የተከራየ፣ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ የሌለው አዳሪ ቤት ሞልቷል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዘመድ ነኝ የሚል ሁሉ ልጅ የሚያስወጣበትም አለ፤ የማስወጫ ፈቃዱን ማን እንደሚፈርም ይጠይቁ። ጥቅሙ ግን እሑድ ጠዋት በታክሲ ሄደው ልጅዎን አቅፈው፣ ፊቷን አይተው መመለስዎ ነው።

ሳይናገሩ ይሂዱ፤ ምሳ ሰዓት ይድረሱና የሚበሉትን ይቅመሱ፤ መጸዳጃ ቤቱንም ይመልከቱ። ልጅቱም አብራ ትሂድ፤ የምታድረው እርሷ ናትና።

ጎረቤቴ ልጇን ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬድ ከተማ አዛውራ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ትጠይቃታለች። የሒሳብ ውጤቷ እንደ በፊቱ አይደለም፤ እናትየዋም ይኽን አትደብቅም።