ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

የእድር ዳኞች፣ መምህራን፣ ንብ አናቢዎች፣ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ስሙን!

ከንፈሩ ድንገት ላበጠ ሰው «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ስንጨምቅ፣ ተዝለፍልፎ የወደቀውን «ቡዳ በልቶት ነው» ብለን ስናጨስ ደቂቃዎቹ ያልፋሉ። በዳማከሴ ቅያሜ የለኝም፤ ለምች እኔም ጠጥቼዋለሁ። ጉሮሮ የሚዘጋው ኃይለኛ አለርጂ ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል።

ንብ ከነደፈች፣ መርፌ ከተወጋ ወይም ምግብ ከተበላ በኋላ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ገላ ያሳክካል፣ እብጥብጥ ይላል፤ ምላስ ያብጣል፤ ድምፅ ይሻክራል፤ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል፤ ያስመልሳል፤ ራስን ያስታል። ቆዳው ምንም ሳይሆን ትንፋሹ የሚያጥረውም አለና ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቁ።

መንስኤው ከጓዳችን አይርቅም፦ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራም ሳይቀር። «የጾም ነው፣ ምን ያደርገዋል?» አይባልም። ከመድኃኒትም ፔኒሲሊንና ዳይክሎፌናክ አሉበት። ይህን ሰምቶ ግን ለልቡ ሕመም በየሦስት አራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የታዘዘለት ልጅ መርፌውን እንዳያቋርጥ! እናቱ «አድሬናሊን አጠገባችሁ አለ?» ብላ ትጠይቅ።

ከአናፊላክሲስ የሚያድነው አድሬናሊን ነውና። ባለሙያ በጭኑ የውጭ ጎን፣ ጡንቻው ላይ ይወጋዋል፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። አድሬናሊኑ እስኪወጋ ድረስ በሽተኛውን አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ በእግሩ ግን አይሂድ። ቢሻለውም ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽበት ስለሚችል ከጤና ጣቢያ ቶሎ አይውጣ።

ለድንኳንና ለወንበር ሳናሰልስ እናዋጣለን። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይሞት እንሰብሰብ! ሦስት ሰው መርጠን ወደ ጤና ጣቢያችን እንላክ፦ አድሬናሊን አለ? ጊዜው አላለፈበትም? መርፌ ከሚወጋበት ክፍል ነው ወይስ ከተቆለፈ መጋዘን? መምህራን፣ በምዝገባ ቀን እያንዳንዱን ወላጅ «ለልጅዎ የማይስማማው ምንድን ነው?» በሉ። ንብ አናቢዎች፣ ቀፎ ለብቻችሁ አትክፈቱ። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስን ቁጥር፣ 907ን፣ ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ አስጠኑ።

የእድራችሁ ስብሰባ መቼ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ።