ከዐፄ ሱስንዮስ ዐዋጅ እስከ አንቀጽ 11፦ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ምን ትጠይቅ?

አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በዐዋጅ ቁጥር 1265/2014 ከተቋቋመ ወዲህ ሕገ መንግሥቱን ስለ ማሻሻል በተነገረ ቁጥር አንቀጽ 11 አብሮ ይነሣል። አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ከምእመናን መካከል ይህን ድንጋጌ ቅድስት ቤተ ክርስቲያንን ከገዛ ቤቷ ያስወጣ አድርገው የሚያዩት ጥቂቶች አይደሉም። ፊደልን፣ ዜማን፣ የዘመን አቆጣጠርን ለአገር ያበረከተች እናት እንደ አንድ ማኅበር ተቆጥራ በመዝገብ መስፈሯ ያማቸዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ «የቀድሞው ይመለስልን» ከማለታችን በፊት የቀድሞው ምን እንደ ነበረ መርምረን ማየት ይገባናል። ለዚህ ደግሞ ሁለቱንም ወገን፣ ባዕዱንም የራሳችንንም መንግሥታዊ ሃይማኖት የቀመሰው የጎጃም ደጋ ብዙ የሚነግረን አለው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኘው መርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሳነጸቻት፣ በግራኝ ዘመን የተቃጠለች ጥንታዊት ገዳም ናት። ዛሬ በግቢዋ ከሚታየው የተጠረበና የተቀረጸ ድንጋይ መካከል በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደ ገና ያነጹት ሕንፃ ቅሪት አለበት። የእጅ ሥራው ውበት አይካድም። ሕንፃውን ያነጹት ሰዎች ግን በዚያ የቆሙት ሕዝቡ ጠርቷቸው ሳይሆን ገዥው ስለ ፈቀደላቸው ነው። ጎጃምን ያስተዳድር የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከንጉሡም አስቀድሞ ወደ ካቶሊክ እምነት የገባ ሰው ነበርና።

ኢየሱሳውያኑ ከየት ዓለም እንደ መጡ መረዳት ይጠቅማል። ፖርቱጋል በዚያን ጊዜ ራሱን «ካቶሊካዊ ንጉሥ» ብሎ በሚጠራው በእስፓኝ ዘውድ ሥር ነበረች። በጀርመን አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ1555 ጀምሮ የገዥው ሃይማኖት የተገዥው ሃይማኖት እንዲሆን በውል ጸንቶ ነበር። ስለዚህ መንገዳቸው ግልጽ ነበር፤ ንጉሡን ማሳመን፣ ሕዝቡን በንጉሡ ማስከተል። ዐፄ ሱስንዮስም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጦርና በመሳፍንት የማይናወጥ ዙፋን ይፈልግ ነበር። የተመኘው ጦር አልመጣም። እርሱ ግን በ1614 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለወጠ፤ በየካቲት 1618 ዓ.ም. ደግሞ በደንቀዝ ከሮም በተላከው ፓትርያርክ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮም ፓፓ ታማኝነቱን በመሐላ አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ምእመናን ያውቁታል። የተጠመቀው ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይካኑ፣ ታቦቱና ቤተ መቅደሱ ዳግመኛ ይባረክ፣ የቀዳሚት ሰንበት ይሻር፣ ግዝረት ይቅር፣ አጽዋማትና በዓላት በሮም አቆጣጠር ይሁኑ ተባለ። ለአንድ የጎጃም ገበሬ ይህ ማለት አባቱን የቀበረበት ጸሎት፣ ልጁን ያስጠመቀበት ጥምቀት ከንቱ ነበር ማለት ነው። ተቃውሞው ግን ከመሐላውም በፊት የጀመረ ነው። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም. ከዐመፀኞቹ ጋር ቆመው በጦር ሜዳ ወደቁ። ስለ ቀዳሚት ሰንበት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ዳሞት ተነሣ፤ መነኮሳቱ ከሠራዊቱ ጋር ተሰለፉ፤ ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በጦር ሰበራቸው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከባለሥልጣን ባሏ ቤት ወጥታ የመነነችው በዚህ ዘመን ነው።

መጨረሻው በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሆነ። ንጉሡ በላስታው መልክአ ክርስቶስ ላይ ድል አደረገ፤ 8,000 ያህል ገበሬ በሜዳው ላይ እንደ ቀረ ተጽፏል። መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ፣ የወደቁት አሕዛብ ወይም እስላም ሳይሆኑ የገዛ ክርስቲያን ወገኖቹ መሆናቸውን እንደ ነገሩት የሚስዮናውያኑ ጽሑፍ ራሱ ይመሰክራል። ንጉሡም በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ዘውዱንም ለልጁ ለፋሲል ተወ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ነገር ግን አልተዘጋም። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ፤ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ታስሮ ተጋዘ፤ በ1630 ዓ.ም. ደግሞ አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። አገሪቱ ከደረሰባት መከራ አንጻር ፍርሃቷ የሚገባ ነበር። መሣሪያው ግን ያው የዘውድ ሰይፍ ነበር፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

ይህ ሰይፍ ከካቶሊኮቹ መባረር በኋላ ወደ ውስጥ ዞረ። ከኢየሱሳውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተነሣው የምሥጢረ ሥጋዌ ጥያቄ የገዛ ሊቃውንታችንን ከፈላቸው፤ ጎጃምም የቅባት ወገን ጽኑ መቀመጫ ሆነ። በጎንደር ዘመን አንዱ ንጉሥ አንዱን ወገን ሲያነሣ ሌላው ሌላውን ሲያነሣ ገዳማቱ ከዙፋኑ ጋር አብረው ይወድቁና ይነሡ ነበር። በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባሉበት የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። የትምህርቱ እውነትነት ለእኛ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው እውነተኛው ትምህርት በንጉሥ ትእዛዝ ሲከበብ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የታዘዘው በዚያው ጊዜ ነው፤ ከተጠመቁት ስንቱ በልቡ እንዳመነ እግዚአብሔር ያውቃል። በጎጃም ውስጥም ክርክሩ በዐዋጅ አልሞተም፤ ያቀዘቀዘው የመጻሕፍት መምህራን ትዕግሥት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ መንገድ ታይቶ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ኢየሱሳውያን በመጡበት ዘመን ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት ሲወቀስ መልሱን በጽሑፍ ሰጠ፤ ሃይማኖተ አበውን በራሱ ብዕር አስረዳ፤ ከሮም የመጡትንም ጳጳስ ተከራከራቸው እንጂ አላሳደዳቸውም። በእርሱ ዘመን አንድም ገበሬ ስለዚህ ክርክር አልሞተም። ይህ ንጉሥ ከግራኝ ጦርነት ፍርስራሽ ውስጥ የነገሠ፣ ለመጨከንም ምክንያት ያላጣ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

የመንግሥት ሃይማኖትነት ዋጋ ለራሷ ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደ ነበር ደግሞ በቅርቡ ዘመን እንይ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 127 ግን የሊቃነ ጳጳሳትን ሹመት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሥር አዋለው። ክብሩና ልጓሙ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። ቤተ መንግሥቱ በጎ ሳለ ልጓሙ አልተሰማንም።

የተሰማው ደርግ ሲመጣ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያን ርስት አብሮ ተወረሰ፤ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ ተባለ። የማዘዙን ልማድ ግን መንግሥት አልተወውም። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳትን ሾሙ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እግዚአብሔርን የካደ መንግሥት ከንጉሡ የወረሰው ነገር ቢኖር ጳጳስን የማስፈቀድ መብቱን ነበር! በኋላም የመንግሥት ለውጥን ተከትሎ ፓትርያርክ ከመንበሩ ወጥቶ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን።

አንቀጽ 11 ከጸደቀ በኋላስ? ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ከቀኖና ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ተሾምን ሲሉ፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ያወገዘው ሥርዓተ ሢመቱን የጣሱትን ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት በውስጥ ጉዳያችን እጁን አስገብቷል ብሎም ወቀሰ። በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር ለብሰው ወጡ፤ በሻሸመኔ ደም ፈሰሰ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረገ። በዚያ ወር ቤተ ክርስቲያን የተከራከረችበት የሕግ መሣሪያ ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ ያው ብዙዎቻችን የምንጠላው አንቀጽ ነው። መንግሥት ጣልቃ አይግባ ያለችው በእርሱ ነው።

«ታዲያ ሌሎቹ እምነቶች በመንግሥት ድጋፍ ሲስፋፉ እኛ ብቻ በአንቀጽ እንታሰር?» የሚል ወንድም አለ። ጥያቄው ይገባዋል። ሕጉ በአንዱ ላይ ጠብቆ በሌላው ላይ ሲላላ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ፍርድ ሲዘገይ፣ የበዓል አደባባዮቻችን በከተማ አስተዳደር ውሳኔ ሲጠብቡ አንቀጹ ወረቀት ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን አፈጻጸሙን መጠየቅ ነው። አንቀጹን በዙፋን መለወጥ ነገ ዙፋኑ ላይ ለሚቀመጠው ለማናውቀው ሰው የአንቀጽ 127ን ልጓም መልሶ ማስረከብ ነው። ሮም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ማንም ሰው በሃይማኖት ጉዳይ በኃይል እንዳይገደድ ዐውጃለች፤ ሜንዴዝ ቢሰማ ምን ይል ነበር ያሰኛል። ስለ ቄሣርና ስለ እግዚአብሔር ድርሻ ጌታችን ያስተማረውን (ማቴ. 22፥21) እኛ ከማንም በፊት የሰማን ሕዝብ ነን።

ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ አብነት ተማሪው ከጉባኤ ቤቱ እየተበተነ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ መነጋገር ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንን ወክሎ በምክክሩ ጠረጴዛ የሚቀመጥ አባት የሚጠይቀውን ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል። የፓትርያርክም ሆነ የኤጲስ ቆጶስ ሢመት የማንንም ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይሻ በግልጽ ይጻፍ፤ በቅዱስ ሲኖዶስ የተወገዘን አካል የመንግሥት ኃይል አጅቦ መንበረ ጵጵስና ቢያስገባ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ በሕግ ይደንገግ፤ የተወረሱት ሕንፃዎችና ይዞታዎች ጉዳይ በችሮታ ሳይሆን በፍርድ ቤት ይታይ። ይህንኑ ለደብረ ማርቆስ ሙስሊም ጎረቤታችን መስጊድም አብረን ብንጠይቅ የሚጎድልብን የለም።