ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መኪና

ባለፈው ቅዳሜ የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ አንድ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ መጣ። ሲዘረጋው የቀይ ፌራሪ ፎቶ ነው። «እማማ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው?» አለኝ። አቦሉን እየጠጣ የነበረው አባቱ ሲኒውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደምመልስ መስማት ፈልጓል፤ ምክንያትም አለው።

እሱም በ15 ዓመቱ በዚሁ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ለጥፎ ነበር። ያኔ ነርስ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ሌሊት በፍጥነት ሲነዱ የተጋጩ ሁለት ወጣቶች መጡልን፤ አንደኛው ሊነጋ ሲል እጃችን ላይ አለፈ። ጠዋት ፒያሳ ወዳለው ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ቀይ መኪና ነበር። ቀደድኩት።

ልጄ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ መኪና አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጓደኛው ጋር ተደብቀው የጓደኛውን አባት መኪና ሲነዱ ከግንብ ተጋጨና እግሩ ተሰበረ። ለካ የቀደድኩት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ፍቅሩ እዚያው ነበር። የቀረው በመሃላችን የነበረው ጨዋታ ነው።

ስለዚህ የልጅ ልጄን «ለጥፈው» አልኩት። «ግን ቶናው እስኪወርድ የማውቀውን ላጫውትህ።»

እኛም እኮ የጣሊያን መኪና ወደን ነው ያደግነው። በልጅነቴ ፒያሳን የሞላት ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ፊያት 600፣ ሰይቼንቶ የምንለው ታክሲ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው። የቸርችልን ዳገት ሲወጣ ይግልና ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ በእንጨት ደግፎ ይነዳዋል፤ እኛ ልጆቹ እየሳቅን እንከተለዋለን። ጣሊያን አገር ደግሞ ካርሎ አባርት የሚባል ሰው ይህንኑ ሰይቼንቶ ለውድድር አዘጋጅቶ፣ የሞተሩን ክዳን እንደከፈተ ያስሮጠው ነበር። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1969 የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ሲገዛ ታክሲያችንና ፌራሪ ዘመዳሞች ሆኑ ስለው ልጁ ሳቀ።

ጣሊያን በጠላትነት መጥቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ። ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ እንላለን። እናቴ የካቲት 12ን በልጅነቷ ያየች ሴት ነበረች። እሷ እንኳ ሰይቼንቶ ስትሳፈር «እጃቸውስ ብልህ ነው» ትል ነበር።

ብልህነቱ እውነት ነው። ሞዴና ከተማ ሰርጂዮ ስካልዬቲ የሚባል ባለሙያ የቀድሞዎቹን ፌራሪዎች አካል የሚያወጣው የአሉሚኒየም ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ነበር። በየሰፈራችን የተጨራመተ ፓራፋንጎ የሚያቃኑትን ያየ ሰው፣ ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ልጅ እንዲህ ባለ ውበት ቢማረክ ጥፋት የለበትም።

ከዚያ ጣቱን አርማው ላይ አድርጎ «ፈረሱስ?» አለኝ።

ፈረሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያን አብራሪ በነበረው በፍራንቼስኮ ባራካ አውሮፕላን ላይ የተሳለ ነው። ባራካ እ.ኤ.አ. በ1918 በጦርነቱ ሞተ። ኤንዞ ፌራሪ ራሱ እንደተናገረው፣ በ1923 የልጇን ፈረስ መኪናው ላይ እንዲያደርገው የነገረችው የሟቹ እናት ናት። ኤንዞም በተራው ልጅ ቀበረ። ዲኖ የሚሉት ልጁ በ1956፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ጡንቻን እያደከመ በሚገድል በሽታ ሞተ። ያን ሁሉ ኃይለኛ ሞተር የሠራ አባት ለልጁ ጡንቻ መድኃኒት አላገኘም። በኋላ መኪና በስሙ ጠራለት።

በዓመቱ፣ በግንቦት 1957፣ ሚሌ ሚሊያ በተባለው የአውራ ጎዳና ውድድር ላይ የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ሞቱ። መንገድ ዳር ቆመው ይመለከቱ ከነበሩትም 9 ሰዎች ሞቱ፤ ከዘጠኙ 5ቱ ልጆች ነበሩ።

«ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለኝ።

«ምንም። መንገድ ዳር ቆሙ እንጂ። በእኛም ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል» አልኩት። ድንገተኛ ክፍል ያየሁትን አልዘረዘርኩለትም፤ ለ12 ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል።

«ጎማው ለምን ፈነዳ?» ሲል መልሱን የያዘው አባቱ ነበር። ሲኒውን አስቀምጦ ጎማ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ነፋሱ ሲበዛና ሲያንስ ምን እንደሚሆን ያስረዳው ጀመር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔን ሳያይ፣ ያን ሌሊት መኪናው እንዴት ከእጁ እንደወጣና ምን ያህል እንደፈራ ለልጁ ነገረው። እኔም ገና ያን ቀን መስማቴ ነው። በረካው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጆቻችሁ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉትን አትቅደዱ። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ የምታውቁትንም አጫውቱ። መንጃ ፈቃድ የሚያወጡበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ቀበቶ ሲያስሩ አብራችሁ ያወራችሁት ትዝ ይበላቸው።