በሽተኛውን ማን ያገላብጠው?

ባለፈው ሰሞን በአንድ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የዲፕሎማ ነርስ ዘመን አብቅቷል፤ ጥራት የምናየው ሁሉም ነርስ ዲግሪ ሲይዝ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡት ሲስተር ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። በጤና ረዳትነት ጀምረው ኋላ በዲፕሎማ የተመረቁ፣ ፀጉራቸው በዋርድ የሸበተ ሴት ናቸው። ወደ ስብሰባውም የጋበዙኝ እሳቸው ነበሩ። ያ ጭብጨባ አናደደኝ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ሲስተርን ያወቅኋቸው እናቴ ስትሮክ መትቷት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ነው። የዋርዱ ወጣት ነርሶች አብዛኞቹ ባለዲግሪ ነበሩ። በየፈረቃው ግፊትና ሙቀት ይለካሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ካርዱ ላይ ይፈርማሉ። በሁለተኛው ሳምንት የእናቴ ወገብ ቆሰለ። አስታማሚዎቹ እኔና እህቴ ነበርን፤ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን መቀየር እንዳለብን ግን የነገረን አልነበረም። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነው የገቡት ሲስተር ልብሱን ገልጠው ቁስሉን አዩና ዝም አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሳዩን ጀመር፦ አንሶላውን ከሥሯ ለሁለት ይዞ እንዴት እንደሚያዞሯት፣ ትራሱ በጉልበቶቿ መሀል እንዴት እንደሚገባ፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ምን ከሥሩ እንደሚደረግ። የት ተማሩት ብዬ ስጠይቃቸው «ጤና ረዳት ሳለሁ፤ መጀመሪያ ያስተማሩን ይህን ነው» አሉኝ።

በወጣቶቹ አልፈርድም። አንዷ እንደነገረችኝ፣ ለተግባር ልምምድ ሲወጡ አንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ሆነው ይቆሙ ነበር፤ በሽተኛ በእጇ ሳታዞር ተመረቀች። ታዲያ ጥራት ከዲግሪ ጋር ይመጣል የሚሉት ሰው ይህችን ልጅ ምን ሊሏት ነው? አራት ዓመት ተምራለች። የጎደላት የትምህርት ዓመት ሳይሆን አጠገቧ ቆሞ «እንዲህ ያዢው» የሚላት ሰው ነበር። ያንን ሰው ነው ዛሬ ዘመንዎ አልፏል የምንለው።

የዚህች አገር ሕክምና የቆመው በማን ትከሻ እንደሆነ እንዴት ይረሳል? ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ ከአልጋ አጠገብ ሠርታ ነው ነርስ የሆነችው። የንጉሥ ልጅ መሆኗ ከበሽተኛ አልጋ አላራቃትም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ሐኪም እስኪመጣ አገሪቱ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም።

ከእነሱም በታች ድሬሰሩና ጤና ረዳቱ ነበሩ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ሥልጠና ወጥተው ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ይነሣሉ። የገጠሩ ሰው «ሐኪም» ሲል እነሱን ማለቱ ነበር። ስህተታቸውን አልክድም፤ ከአቅማቸው በላይ የገቡበት፣ መርፌ ያለ ቦታው የሰጡበት ጊዜ ነበር። መድኃኒቱ ግን መቆጣጠርና ማስተማር ነበር። በዚያ ፈንታ ሥልጠናው ቆመ፤ ሥራቸው ግን አልቆመም። ማጠቡና ማገላበጡ ለቤተሰብ ተተወ፣ ቤተሰብ ለሌለው ደግሞ ለማንም።

አገሪቱ ራሷ ይህንኑ ዳግም ያየችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሠለጠኑ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ገቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 ወደ 68 ወረደ። ክትባቱን ይዘው፣ አጎበሩን አድለው ቤት ለቤት የዞሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። በዚያ አዳራሽ ስማቸውን ያነሣ የለም።

ተናጋሪው አሜሪካንንም በምሳሌነት አንሥተዋል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ቢነግሩን መልካም ነበር። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የሙያው መነሻ ዲግሪ ይሁን ያለው በ1965 ነው። ዛሬም እዚያ አንድ ዓመት ገደማ ተምረው ፈቃድ የሚያወጡ ኤልፒኤኖች፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ኤልቪኤን የሚባሉት፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙ ሆስፒታሎች ሲቀንሷቸው የአረጋውያን መጦሪያው ተቀበላቸው፤ ያለ እነሱ አንድ ሌሊት አያድርም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እነዚያን አረጋውያን ከሚያጥቡትና ከሚያገላብጡት መካከል የእኛ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከአገር ቤት በነርስነት ዲግሪ ሄደው የፈቃድ ፈተናውን እስኪያልፉ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት፣ የሚሠሩም አሉ። እዚያ ሲሆን የሚከበር እጅ፣ እዚህ ለምን የኋላ ቀርነት ምልክት ይሆናል?

ነርስ አይማር አላልኩም። ሲስተር ራሳቸው በማታ ትምህርት ዲግሪ ጀምረው፣ ከተረኝነት ጋር አልስማማ ብሏቸው አቋርጠውታል። መሰላሉ ይኑር፤ ከጤና ረዳት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የሚወጣበት። የምቃወመው የታችኛውን እርከን ሰብሮ መሰላሉን ረዘመ ማለትን ነው። ደግሞም ዲግሪ ያገኘ ሁሉ አስተባባሪ፣ ሱፐርቫይዘር፣ የፕሮጀክት ሠራተኛ እየሆነ ከዋርድ ሲወጣ እያየን ነው። ደመወዙ ያለው እዚያ ስለሆነ አልወቅሳቸውም። ግን ማን ቀረ?

ያን ዕለት ተናጋሪውን ለመጠየቅ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ልጠይቃቸው የነበረው ይህ ነው፦ አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ስንት ሌሊት ዋርድ ያድራል? ስንት በሽተኛ በእጁ ያጥባል? ሲሳሳት አጠገቡ ቆሞ የሚያርመው ማን ነው? እናቴ ላይ የወጣው ቁስል እስኪደርቅ አራት ወር ፈጅቷል።