ጓሮ ውስጥ እባብ ብናይ

ዛሬ በጓሮአችን ስለምናየው እባብ እንነጋገራለን።

በፎገራ ሜዳ ክረምት ሲከብድ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ሲያለብሱት፣ እባብ ደረቅ መሬት ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይጠጋል። ከጌሾው ሥር ወይም ከሩዝ ገለባው ክምር ውስጥ ይገባል። ልጆች ሲያዩት ይጮኻሉ፤ ድንጋይና ዱላም ይነሣል። እባብ ሔዋንን ስላሳተ እርሱን መግደል ጽድቅ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ልጆች፣ ሔዋንን ያሳታት በእባብ ያደረው ዲያብሎስ ነው። በጓሮአችን የሚሳበው ግን እግዚአብሔር የፈጠረው እንስሳ ነው። ወደ ኖኅ መርከብ ከገቡት መካከል በምድር ላይ የሚሳቡም ነበሩ (ዘፍ. 7፥14)። ጻድቁ አባታችን አቡነ አረጋዊም ወደ ደብረ ዳሞ የወጡት በእግዚአብሔር ፈቃድ በዘንዶ ጅራት ተይዘው እንደ ሆነ ይነገራል። «ቅዱስ ጊዮርጊስስ ዘንዶ ገድሎ የለምን?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ያ ዘንዶ ግን ሰው ይበላ ነበር።

የጓሮው እባብ የሚበላው አይጥን ነው። ከእባቦች ብዙዎቹ ሰውን የሚገድል መርዝ የላቸውም። ቡናማው የቤት እባብ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሌሊት ወጥቶ አይጥ ያድናል፣ ተጠምጥሞባትም ይገድላታል። የሚወጣው የሚገባው ምላሱም ማሽተቻው እንጂ መንደፊያው አይደለም። አይጥ የጎተራችንን ጤፍና ሩዝ የምትጨርስ ናት። ስለዚህ ይህን እባብ የገደለ ሰው አይጧን ጠቀማት።

ነገር ግን ልጆች፣ እንደ እፉኝት ያሉ መርዘኞችም አሉ። እፉኝት የሰው ኮቴ ብትሰማም ብዙ ጊዜ ሳትሸሽ ባለችበት ትተኛለች። መርዘኛውን ከደኅናው በዓይን መለየት ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል። ስለዚህ ማንኛውንም እባብ አትንኩ፤ በድንጋይም አትውገሩ። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሽሹና ትልቅ ሰው ጥሩ። እባብ ብዙውን ጊዜ የሚነድፈው ሲረገጥ ወይም ሲመታ ነው። ሌሊት ያለ መብራትና ያለ ጫማ ጓሮ አትውጡ። እጃችሁንም ወደ ጉድጓድና ወደ ድንጋይ ክምር አትስደዱ።

እባብ የነደፈውን ሰው ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ይጎዳዋል። የተነደፈው ሰው ሳይራመድ፣ ሰው ተሸክሞት፣ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ይድረስ። ጸሎቱ በመንገድም ይደረጋል።

የጣራ ገዳምን ደን ተመልከቱ። አባቶች ጠብቀው ስላቆዩት ዛፉም ወፉም በሆዱ የሚሳበውም መኖሪያ አግኝተዋል። እኛም በጓሮአችን እንዲሁ እናድርግ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ብልህነትን ከእባብ፣ የዋህነትን ከርግብ እንዲማሩ አዟቸዋል (ማቴ. 10፥16)። ብልህ ልጅ ከእባብ ይርቃል፤ የዋህ ልጅ ደግሞ ያልነካውን ፍጥረት አይገድልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።