«እታለም፣ ቁልቁለት ላይ ነኝ»

የዛሬውን ርዕስ ስታዩ «የፓስተር ሚስት ስለ ጭነት መኪና ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። ባለቤቴም ጽሑፉን አይቶ ሳቀብኝ። እስቲ ታገሡኝና አንብቡት።

እኛ ያለንበት ደነባ የእህል አገር ነው። ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ምስሩም በአይሱዙ ተጭኖ ነው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው። ስለዚህ በመካከላችን የሾፌር ሚስት፣ የሾፌር እናት፣ የረዳት እኅት የሆነች ብዙ አለች። እኔም የሾፌር እኅት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ጭነት ያመላልሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጃችን ምርቃት ደረሰ። ወንድሜ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሊሄድ ሲል በእኛ በኩል አለፈ። ጸልየን ሸኘነው። ጸሎቱ መልካም ነበር፤ እኔ ግን ከአሜን በኋላ «ቅዳሜ ማታ ካልደረስክ አኮርፍሃለሁ» አልኩት። ከዚያም አልበቃኝ ብሎ በየሰዓቱ እደውል ጀመር። «የት ደረስክ? አራገፍክ ወይ?» ለካ እሱ በዋዜማው ሲጭኑለት አምሽቶ የተኛው ሦስት ሰዓት ብቻ ኖሯል። ሌሊት ላይ ስደውል «እታለም፣ ቁልቁለት ላይ ነኝ» አለኝ። እኔም ዘጋሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አልዘጋሁም። የዳቦውን ዱቄት ነገር ጠየቅሁት።

ከጣርማ በር በታች፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ጠመዝማዛ ፍሬኑ እምቢ አለው። እግሩን ቢጫን ፔዳሉ ወለሉ ላይ ደረሰ። ወደ ገደሉ ከመሄድ ብሎ መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመው። እሱ በጭረት ተረፈ። ረዳቱ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ሲራመድ ያነክሳል። እናቱን ስጠይቅ ስለ መኪናው አንሥተን አናውቅም፤ ቡና አፍልታ ታጠጣኛለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እጠጣለሁ።

በጉባኤያችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ አንድ አባት አሉ። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው? ፍሬኑ ገና በዚያው ሳምንት ታይቶ ነበር እኮ» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፍሬኑ አልተበላሸም ልጄ፣ ተቃጠለ እንጂ» አሉኝና እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱኝ። እኔም በሚገባኝ መንገድ ላቅርብላችሁ።

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ሁሉ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ500 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል፤ ሁለት በርሜል ተኩል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት ፍሬኑ ብቻውን ከተሸከመ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያም መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ እንደ ወንድሜ ወለል ይነካል። በአየር ፍሬን የሚሠሩት ትልልቆቹ ተሳቢዎችም ቢሆኑ ሸራቸው ከጋለ ያው ናቸው።

መድኃኒቱ ማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ፣ የሞተር ፍሬን ካለውም መጠቀም፤ የእግር ፍሬኑን ደግሞ አሁንም አሁንም ሳይንተራሱበት አጥብቆ ይዞ መልቀቅ። ከተፈተለኩ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ አይገባም፤ ዜሮ ላይ ይቀራል። አንዳንዶች ናፍታ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ይለቁታል። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። «በፎሌ የወረደ ጓደኛ ቀብሬአለሁ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ወንድሜም ያን ሌሊት አንድ እጁ ስልክ ይዞ፣ ማርሹን በጊዜ ሳይቀንስ ነበር የጀመረው። ስልኩ የማን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ።

ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፣ የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ያለፋችሁ ክረምት ላይ ጉሙ እንዴት እንደሚጋርድ ታውቃላችሁ። በዚያ ጉም ከፊት ያለውን መኪና ጅራት መብራት እያዩ መከተል ያታልላል፤ የፊተኛው ከገባበት ተከትሎ መግባት ነው። ርቀት ሰጥቶ መሄድ፣ ካስፈለገም ቆሞ፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሴቶች ልመለስ። በአሜሪካ ጡረተኞች ቤት የሚመስል መኪና ገዝተው፣ አልጋውንም ምድጃውንም ይዘው አገር ለአገር ይዞራሉ። የኛ አገር ሾፌር ያንን የሚያደርገው ለሽርሽር አይደለም፤ ጋቢናው በግድ ቤቱ ሆኖበት ነው። ስለዚህ እንደ ቤት እናስብለት። ስንቁ በሶ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደርቆሽ ቢሆን ቶሎ አይበላሽም። (ምስር ቀቅሎ ይብላ ብላችሁ አትስጡት። በጣርማ በር ከፍታ ውሃ ገና 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ምስሩ ሳይበስል ሰውየው ይሰለቻል።) ብርድ ልብስና ጋቢ ይኑረው። በዚያ ብርድ አንዳንዶች መስኮቱን ዘግተው ጋቢና ውስጥ ከሰል ያነድዳሉ። የከሰል ጭስ በዓይን የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ አለው፤ ተኝተው ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ነው። ምድጃ ከመኪናው ውጭ ብቻ ይሁን።

ቆላ ሲገባ ደግሞ ጎማው ይግላል፣ ንፋሱም ይጨምራል። ያን አይቶ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ይገኛል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ለዚህም ጎሚስታው ምስክሬ ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ከባድ መኪና ከሚነዱት ብዙ ወገኖቻችን መካከል አንዱ ዘመዳችን ሕጋቸውን ነግሮኛል። ዕቃ የጫነ ሾፌር በተከታታይ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ 8 ሰዓት ከነዳም ቢያንስ 30 ደቂቃ ያቆማል። ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ ተገጥሞበታል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እኛን የሚመዘግበን ባለ ዕቃው ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ባለ ዕቃው ይቸኩላል፣ ባለ መኪናው ይቸኩላል። እኛም ከቤት ሆነን ሦስተኛ ቸኳይ አንሁንበት። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ሾፌሮች መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው እየጠያየቁ ስለሚጓዙ፣ አንድ ቀን የሚፈጀው ጉዞ ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር ልብ ይሰቀላል፤ አውቀዋለሁ። ቢሆንም አሥር ጊዜ መደወል መኪናውን አያቀርበውም።

እኔና ወንድሜ አሁን ስምምነት አለን። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቆሞ ፍሬኑንና ጎማውን ያያል፣ ከዚያ ይደውልልኛል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ረዳቱ ዘንድ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት እስኪገባ እኔ አልደውልም። የመጣበትን ቀን እንጂ የሚመጣበትን ሰዓት አልጠይቅም።

ባለፈው በዓል ዋዜማ ዶሮው ወጥቶ፣ እንጀራው ቀርቦ ስንጠብቀው ረዳቱ ደወለ። «እትዬ፣ ሸዋ ሮቢት ነን። እንቅልፍ መጥቶበታል፣ አቀበቱን ነገ እንወጣለን ብሏል» አለኝ። ልጆቹ አኮረፉ። እኔ ድስቱን ከድኜ ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ አሞቅነው።